መርከብ አይጠብቅም፦ ለክሩዝ ጉዞ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ

በዚህ ወር የምናወራው ስለ ክሩዝ ነው። ገና ከመጀመሪያው ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስለ መርከቡ መዋኛ ገንዳና ስለ እራት ግብዣው ብዙ አልልም። የማወራችሁ ወደ መርከቡ ስለሚያደርሳችሁ አውሮፕላን ነው።

ባሕር ሲባል አብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ሐዋሳ፣ ላንጋኖ ወይም ባሕር ዳር ነው። ትልቅ ሆቴል በሚያክል መርከብ ተሳፍሮ ከወደብ ወደብ መዞር ለብዙ ቤተሰብ ገና አዲስ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ልጆቹ አሜሪካና አውሮፓ፣ ወላጆቹ አዲስ አበባ ለሆኑ ቤተሰቦች ክሩዝ የሚማርክ ነገር አለው። ሁሉም በየፊናው መጥቶ አንድ ቦታ ይገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ምግብ የሚያበስል፣ መኪና የሚነዳ፣ “ነገ የት እንሂድ?” እያለ የሚጨነቅ ሰው የለም። አያት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች፤ የልጅ ልጆቿ አጠገቧ ይጫወታሉ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ወላጆች የጋብቻቸውን 40ኛ ዓመት ሊያከብሩ ነው እንበል። ወንድ ልጃቸው ከነቤተሰቡ ቨርጂኒያ ይኖራል። ሴት ልጃቸው ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ናት። ሁሉም ተስማምተው ከሮም የሚነሣ የሰባት ሌሊት የሜዲትራኒያን ጉዞ መርጠዋል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለዓመታት የተጠራቀመ ነው። አሁን ጥያቄው ትኬቱን ማን፣ ከየት፣ ለየትኛው ቀን ይቁረጥ የሚለው ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ማስታወቂያ ሳይ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው በትንንሹ ወደተጻፈው ነው። የክሩዝ ማስታወቂያ በትልቁ የሚያሳየን “ከዚህ ዋጋ ጀምሮ” የሚለውን ነው። ያ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ሲሆን፣ እሱም ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ሲጋሩ ነው። ለሠራተኞች በየቀኑ የሚታሰበው ጉርሻ፣ ኢንተርኔቱ፣ በየወደቡ የሚደረገው ጉብኝት ለብቻ ይከፈላል። የአውሮፕላን ትኬትም አብዛኛውን ጊዜ አልተካተተም። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ቤተሰብ ደግሞ ትኬቱ ከመርከቡ ክፍል ጋር የሚቀራረብ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ወጪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰው ትኬት ላይ መቆጠብ ቢያምረው አይፈረድበትም። መታየት ያለበት የሚቆጥበው ምኑ ላይ እንደሆነ ነው።

የሚቆጠረው ቀጣዩ በረራ ነው

ሆቴል አርፍዳችሁ ብትደርሱ ክፍላችሁ ይጠብቃችኋል። ክሩዝ ላይ ግን የሚሄደው ሆቴሉ ራሱ ነው። የመሳፈሪያው በር ብዙውን ጊዜ መርከቡ ከሚነሣበት ሰዓት 60 ወይም 90 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ የቀረ ሰው የከፈለው ገንዘብም በተለመደው አሠራር አይመለስለትም።

መርከብ አይጠብቅም ሲባል ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ይጓዝ ከነበረ ክሩዝ ላይ ስምንት መንገደኞች ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ደሴት ላይ በግል ጉብኝት አርፍደው ቀሩ። ሲመለሱ መርከቡ ገና ከዓይናቸው አልራቀም ነበር፤ ግን አልተሳፈሩም። ከአገር አገር እያቆራረጡ ተከትለውት በመጨረሻ የደረሱበት ሴኔጋል፣ ዳካር ላይ ነው። እነሱ እንኳ ከመርከቡ የወረዱ መንገደኞች ነበሩ፤ ገና ያልተሳፈረ ሰው ከዚህ የተሻለ እንክብካቤ ሊጠብቅ አይችልም።

እንግዲህ ምሳሌያችን ላይ ያሉትን ወላጆች እንያቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበራል፤ ሌሊቱን በርሮ ማለዳ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርስ በረራ አለ። መርከቡ የሚነሣው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው ብንል፣ በመሀል ያለው ሰዓት ከበቂ በላይ ይመስላል። “እንግዲያውስ በዚያው ቀን ጠዋት ብንደርስ ምን አለበት? የሆቴል ወጪም ይቀርልናል” ማለት ይመጣል።

ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መቁጠር ያለብን በማረፊያውና በመርከቡ መሀል ያለውን ሰዓት አይደለም። መጠየቅ ያለብን “ይህ በረራ ቢሰረዝ፣ ቀጣዩ በረራ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ያደርሰኛል ወይ?” ብለን ነው። ቀጣዩ የሚነሣው በማግሥቱ ሌሊት ከሆነ፣ በመሀል ያለው 12 ሰዓት የውሸት ነው። በቀን አምስት ስድስት በረራ ባለበት መስመር ላይ የሦስት ሰዓት መዘግየት የሦስት ሰዓት መዘግየት ብቻ ነው። በቀን አንዴ በሚበረርበት መስመር ላይ ግን አንድ ስረዛ ሙሉ ቀን ይበላል።

በረራ የሚሰረዘው በአየር መንገዱ ችግር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ አብዛኛውን የአውሮፓ ሰማይ ለቀናት ዘግቶት ነበር። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ያሰራጨው አንድ ብልሹ ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎችን አሰርዟል። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ብዙ ክሩዞች የሚነሡት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ የሚል ነው። በረራችሁ በቀን አንዴ ብቻ ከሆነ ወይም በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ከሆነ ሁለት ቀን ይሻላል። የዚያን ሌሊት የሆቴል ወጪ ከሽርሽሩ በጀት ላይ እንደ ትርፍ አትዩት፤ የትኬቱ አካል አድርጋችሁ ደምሩት። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይባል የለ።

ትኬቱን ከማን እንቁረጥ?

ሦስት መንገዶች አሉ። ሲወዳደሩ መታየት ያለበት ዋጋቸው ብቻ ሳይሆን፣ ብንዘገይ ጉዳዩን ማን ይይዝልናል የሚለውም ነው።

አንደኛው ከመርከቡ ኩባንያ መግዛት ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የራሳቸው የበረራ አገልግሎት አላቸው፤ ሮያል ካሪቢያን “ኤር ቱ ሲ”፣ ፕሪንሰስ “ኢዚ ኤር”፣ ካርኒቫል “ፍላይ ቱ ፈን” ይሉታል። ጥቅሙ ኩባንያው በረራችሁን ስለሚያውቀው ብትዘገዩ ሌላ በረራ መፈለጉን፣ ካልሆነም ቀጣዩ ወደብ ላይ እንድትደርሱ ማገዙን ይይዝላችኋል። ያም ቢሆን መርከቡን ያቆምላችኋል ማለት አይደለም። የእገዛው ልክ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ውሉን አንብቡ። ጉዳቱ ደግሞ ምርጫችሁ ሊጠብ፣ ትኬቱን ለመለወጥ ስትፈልጉም በኩባንያው በኩል ማለፍ ግድ ሊሆንባችሁ ይችላል። በምሳሌያችን ላለው የቨርጂኒያው ልጅ ይህ መንገድ መታየት ያለበት ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሡት ግን አገልግሎቱ አለ ብላችሁ አትነሡ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው በቀጥታ ከአየር መንገዱ መግዛት ነው። ሰዓቱንም፣ መቀመጫውንም፣ ሻንጣውንም ራሳችሁ ትወስናላችሁ፤ ለውጥ ቢያስፈልግ የምታናግሩት አንድ አካል ነው። ከሮም ከተማ ለሚነሣ መርከብ ቀጥታ በረራ ካለ፣ ለወላጆቹ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ትራንዚት ላይ ሮጠው በር ከሚፈልጉ በአንድ አውሮፕላን ቢደርሱ ይሻላል።

ሦስተኛው የጉዞ ወኪል ነው። በአማርኛ ተነጋግሮ፣ በብር ከፍሎ፣ ችግር ሲመጣ ስልክ የሚደወልለት ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ወኪሉን ግን ሁለት ነገር በግልጽ ጠይቁት፤ “የቆረጥክልን ትኬት አንድ ነው ወይስ ሁለት? ቀን ብንለውጥ ስንት እንከፍላለን?”

የመጀመሪያው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በሌላ ከተማ በኩል የምትሄዱ ከሆነና ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ካሉ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሌላ በረራ የማሳፈር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። ሁለቱ ለየብቻ የተገዙ ትኬቶች ከሆኑ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቃችሁ እንደቀረ መንገደኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አዲስ ትኬት መግዛት ይጠበቅባችኋል። ከዚህም ሌላ ሻንጣችሁን አውጥታችሁ እንደገና ለማስረከብ ወደዚያ አገር መግባት ግድ ሊሆን ይችላል። መግባት ግድ ከሆነ ቪዛም ግድ ነው። ሁለት ርካሽ ትኬት ደምሮ የተገኘው ቁጠባ አንዳንዴ በዚህች በር ላይ ያልቃል።

መርከቡ የሚነሣበትና የሚመለስበት ወደብ የተለያየ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከባርሴሎና ተነሥቶ ሮም ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሁለት የአንድ መንገድ ትኬት ለመግዛት አትቸኩሉ። በአንዱ ከተማ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ደርሶ መልስ ትኬት መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከተራው ደርሶ መልስ እምብዛም አይርቅም።

ፓስፖርቱ ከትኬቱ ይቀድማል

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። የቨርጂኒያው ልጅ አሜሪካዊ ፓስፖርት ካለው ለአጭር ጉብኝት ጣሊያን የሚገባው ያለ ቪዛ ነው። ወላጆቹ፣ እህቱና ቤተሰቧ ግን የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። መንገዱን የሚመርጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አሜሪካ ያለው ልጅ ነው፤ ካርዱም ያለው እሱ ጋ ነው። ስለዚህ ሳያስበው ለራሱ ፓስፖርት የሚመች መንገድ ሊመርጥ ይችላል።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ ጊዜያዊ የቪዛ እርምጃ ወስኗል። በዚህ መሠረት አባል አገሮች ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት አቆሙ፤ ማመልከቻ የሚታይበት የተለመደው ጊዜም ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ አለ። ውሳኔው ጊዜያዊ ነው ስለተባለ፣ እናንተ በምታመለክቱበት ወቅት ምን ላይ እንዳለ ኤምባሲውን መጠየቅ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ግን ለክሩዝ መንገደኛ ትርጉሙ ትልቅ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ግሪክና ማልታ የሼንገን አባላት ናቸው፤ ክሮኤሺያም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ገብታለች። መርከባችሁ በእነዚህ መሀል ብቻ የሚመላለስ ከሆነ አንዴ የሚያስገባ ቪዛ ሊበቃችሁ ይችላል። ነገር ግን በመሀል ቱርክን፣ ቱኒዚያን ወይም ሞንቴኔግሮን ነክቶ ወደ ጣሊያን የሚመለስ ከሆነ ከሼንገን ወጥታችሁ እንደገና መግባታችሁ ነው። አንዴ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ይህ አይሆንም፤ የመርከቡ ኩባንያም ገና ከመነሻው ላያሳፍራችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ልጅ ከነቤተሰቡ መርከቡ ላይ፣ በዓሉ የሚከበርላቸው ወላጆች ወደቡ ላይ ይቀራሉ።

ስለዚህ ቤተሰብ ተሰብስቦ መንገድ ሲመርጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት ጠንካራው ሳይሆን ደካማው ፓስፖርት ነው። የሚያምረውን መርከብ ሳይሆን ሁሉንም የሚያሳፍረውን ምረጡ።

ቅደም ተከተሉም ከዚሁ ይመጣል። አየር መንገዶች ትኬት መሸጥ የሚጀምሩት ከበረራው 11 ወር ገደማ ቀደም ብለው ነው፤ የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚቀርበው ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ነው። እናም መርከቡን ስትይዙ እስከ የትኛው ቀን ያለ ቅጣት መሰረዝ እንደሚቻል ጻፉት፤ ለቪዛው የበረራ ቦታ ብቻ አስይዙ፤ ተመላሽ የማይሆን ትኬት ቪዛው ሳይወጣ አትግዙ። ወረፋውን፣ 45 ቀኑንና የመርከቡን የመሰረዣ ቀን አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ እዩአቸው። ካልተገጣጠሙ መለወጥ ያለበት የጉዞው ወር ነው። ለብዙ ቤተሰብ የሚመቸው ልጆች ትምህርት የሚዘጉበት ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ለአውሮፓውያኑም የዕረፍት ወቅት ስለሆነ ትኬቱም መርከቡም ይወደዳል፤ በጊዜ መጀመር ይጠቅማል።

ለቪዛው የምትገዙት የሕክምና ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ይህ ግን መርከብ ላመለጠው ሰው ይከፍላል ማለት አይደለም። የጉዞ መቋረጥንና መነሻ ማምለጥን የሚሸፍን መሆኑን ለብቻ አረጋግጡ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር በሚነሣ በረራ ላይ ለሚደርስ ረጅም መዘግየት ወይም ስረዛ እንደ ሁኔታው ካሳ የሚያሰጥ ደንብ አለ፤ የኅብረቱ ባልሆነ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ስትሄዱ ግን አይሠራም። ቢሠራም እንኳ ካሳው ያመለጣችሁን መርከብ ዋጋ አይመልስም።

ትንሽ የሚመስሉ ነገሮች

የሰዓቱን ነገር ልብ በሉ። ትኬት ላይ የተጻፈው 00:30 በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀኑ ግን ተቀይሯል። 15ኛው ቀን ላይ 00:30 የሚል ትኬት የያዘ ሰው ቦሌ መገኘት ያለበት በ14ኛው ቀን ማታ ነው። ለወላጆቻችሁ ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛው አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጧቸው።

ርቀቱንም አስሉ። “የሮም ወደብ” የሚባለው ቺቪታቬኪያ ከሮም ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የባርሴሎና ወደብ በአንጻሩ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። ቀድማችሁ የምታድሩ ከሆነ እዚያው ቺቪታቬኪያ ብታድሩ በማግሥቱ ጠዋት የምትቸኩሉበት ነገር አይኖርም።

ስምም አለ። በእኛ አገር እናትና ልጅ የአያት ስም አይጋሩም፤ የውጭ ኩባንያ ሲስተም ደግሞ ቤተሰብን የሚያውቀው በመጨረሻው ስም ነው። ስማችሁ ትኬቱም ላይ መርከቡም ላይ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ክፍሎቹና መቀመጫዎቹ እንዲያያዙ ንገሯቸው። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የሌላው ወላጅ ስምምነት በሰነዶች ማረጋገጫ ጸድቆ፣ ከነትርጉሙ በእጅ ይያዝ። ፓስፖርቱም ከጉዞው መጨረሻ በኋላ ስድስት ወር የሚቀረው ቢሆን ጥሩ ነው።

የመመለሻውን በረራም አታጣብቡት። መርከቡ ማለዳ ወደብ ቢደርስም ሻንጣ አውጥቶ፣ ፍተሻ አልፎ፣ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ከቀትር በፊት የሚነሣ በረራ አትያዙ፤ ወደ አዲስ አበባ ማታ የሚነሣው ለዚህ ይመቻል።

የመድኃኒት፣ የፓስፖርትና የአንድ ቀን ልብስ ቦርሳ ደግሞ ከእጃችሁ አይለይ። የዘገየ ሻንጣ ሆቴል ድረስ ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ባሕር ላይ ያለ መርከብ ድረስ ግን አይመጣም።

በመጨረሻ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቤተሰቡን አስቀምጣችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ በረራ ቢሰረዝ ቀጣዩ ከመርከቡ በፊት ያደርሰናል? ብንዘገይ የምንደውለው ለማን ነው? መርከቡ የሚነካቸው ወደቦች ሁሉ ለእማማና ለአባባ ፓስፖርት ክፍት ናቸው? ለሦስቱም መልስ ካላችሁ ክፈሉ። አንዱ እንኳ “እግዜር ያውቃል” የሚል ከሆነ ግን አንድ ሳምንት ቆዩና መልሱን ፈልጉ፤ ትኬቱ በዚያ ሳምንት ትንሽ ቢጨምር እንኳ ያዋጣችኋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ መልካም ጊዜ ይሁንላችሁ።